መዝገቡ ተዘግቷል

ኮምፒውተር ሲገባ፣ መደርደሪያው ሲፈርስ፣
ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ቅርስ
በካርቶን ታጭቆ ግቢ ተዘረገፈ፤
"ይቃጠል" አለ አንዱ፣ ሌላው በእግሩ ገፈፈ፤
"ለለውዝ መጠቅለያ ይሸጥ" አለ ሦስተኛው።
እኔ በኪሎ ገዛሁት።
ከአራዳ ቁልቁል ወደ ቀሃ፣ በሦስት ባጃጅ ምልልስ፣
ይግባኙ በመስኮት እየበረረ፣
ሾፌሩ "እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ምን ሊሆን ነው?" እያለ።

መጀመሪያ ይነከራል፣
ሰማያዊ በርሜል ውስጥ፣ ሦስት ሌሊት።
ማኅተም ሐምራዊ ደሙን ይለቃል።
እጄን እስከ ክንዴ ስሰደው
የጥርና የሰኔ ቀጠሮ ተጣብቀው
ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቀን ላይ ይውላሉ።
"ስለሆነም" ይላላል፣ "ይሁን እንጂ" ይሟሟል፣
ስፒሉ ብቻ ዝጎ ይቆያል፣ ጣት ይወጋል።
"በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል"
ይሉ ነበር አለቃዬ፣ ፋይል በሲባጎ ሲያስሩ።
በጽሑፍ ያለም፣ ጌታዬ፣ ይረጥባል፤
ሲረጥብ መልክ ያምረዋል።

ሙጫው የፉርኖ ዱቄት ነው፣ ጠብታ እሬት አለበት፣
አይጥ ቀምሶ እንዲተፋው።
(ከአይጥ ጋር ያለኝ ክርክር ከመዝገብ ቤት የመጣ ነው፣
እስካሁን ውሳኔ አላገኘም።)

ቁጥር ሁለት መቶ ሰባት።
ከሳሽ ጓንጉል፣ ተከሳሽ ታናሽ ወንድሙ ይግዛው፣
ከጯሂት አንድ መንገድ መጥተው
አንዱ በር ላይ፣ አንዱ ዋርካው ሥር የሚቆሙ።
ነገሩ በአንዲት ዳማ በቅሎ፣ በአባት ውርስ።
"ትቅረብ" ሲል ችሎቱ፣ "ታማለች" ሲባል፣
"ትገመት" ሲል ችሎቱ፣ ገማቹ ሲጠፋ፣
በሦስተኛው ዓመት ሞተች።
ክርክሩ አሥራ አንድ ዓመት ሄደ።
    ገለባ ሳትቀምስ በቀለም ወፈረች፣
    ጅብ ከበላት ወዲህ በፋይል ውስጥ ኖረች።

እሷን ሠራኋት።
አጥንቷ ሸምበቆ፣ ጅማቷ ሽቦ፣
ጋማዋ የጎርጎራ ደንገል።
የከሳሽ አቤቱታ ለቀኝ ጎኗ፣
የተከሳሽ መልስ ለግራዋ፣
ምስክሮቹ ለእግሮቿ። አራት ነበሩ፣
አንዱ ሐሰተኛ፤
የኋላ ግራዋ የሚያነክሰው ለዚያ ነው።
ሆዷን ባዶ ተውኩት፤
ወረቀት ሲደርቅ ያቀፈውን አየር አይለቅም።

የስጦታ ዕቃ ሻጩ መጣ፤
"ግንቡን ሥሪልኝ፣ ትንንሹን፣ ለቱሪስት።"
"ግንቡማ ቆሟል" አልኩት።

ሐምሌ ላይ ቆርቆሮው አፈሰሰ፣ አንገቷ ዘመመ፤
ከሰል አንድጄ ሌሊቱን ሙሉ
እንደ ትኩሳት ልጅ አገላበጥኳት።

መስከረም ሲጠባ ይግዛው መጣ።
ማን እንደነገረው እንጃ።
ጓንጉል ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል።
ባርኔጣውን አወለቀ፣ ችሎት እንደገባ ሰው፣
ዞራት፣ ጎኗን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣
ውስጧ እንደ ከበሮ መለሰ።
ማንበብ አይችልም።
"እዚህ ጋ የወንድምህ ስም አልሟሟም" አልኩት።
"የቱ ጋ?"
ጣቱን ይዤ አስቀመጥኩለት። አላነሳውም፣ ብዙ ቆየ።

ከዚያ፣ "ተሳስተሻል" አለኝ።
"የግራ ጆሮዋ ቅድ ነው። ግልገል ሳለች፣
ተደርበን ስንጋልባት፣ በቁልቋል አጥር።
ያባታችንን ዱላ ፈርተን ዋሸን፣ 'ጅብ ነው' አልን።
ለዳኛም አልነገርን፣ እሱም እኔም።"
ዝም አለ።
"ትፈቅጂልኛለሽ?"
በጥፍሩ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀደደው።

"መዝገቡ ተዘግቷል" የሚለው የመጨረሻው ገጽ፣
የራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ ያ ጆሮ ላይ ነበር፤
ቅዱ በሁለቱ ቃላት መካከል አለፈ።

በሩ ላይ ደርሶ ዞረ፤
"ለመሆኑ" አለ፣ "አሁን የማን ናት?"
ፊቱን አየሁት፣ እየቀለደ አልነበረም፤
ለጥቅምት አሥራ ሁለት ቀጠሮ ሰጠሁት።